አይረን አንሶኝ ይሆን? ባሕር ዳር ላይ ምርመራውን ከካርድ እስከ ድጋሚ ውጤት

በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ዙር የአይረን ኪኒን ጨርሻለሁ። አይረን ማነሱን ግን አንድም ጊዜ በምርመራ ያየልኝ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። "ደክሞኛል" እላለሁ። ሄሞግሎቢን ይለካል። "ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ይችን ውሰጂ" እባላለሁ። ወር ያህል ደህና እሆናለሁ። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ልቤ እንደገና እንደ ከበሮ መደለቅ ይጀምራል።

ያነቃችኝ ላብራቶሪ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ የሦስቱንም ጊዜ ውጤት ደርድሬ አሳየኋት። አንድ በአንድ አየችና "አንቺ፣ ይኼ ሁሉ እኮ መሶቡን መቁጠር ነው። ጎተራውን ያየልሽ የለም" አለች።

ሄሞግሎቢን፣ ከአይረን የሚሠራው በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ፣ መሶብ ላይ ያለው እንጀራ ነው፤ ዛሬ የሚበላው። ፌሪቲን ደግሞ ጎተራው ነው፤ ሰውነት ያከማቸው አይረን። ጎተራው ሲራቆት መሶቡ ወዲያው ባዶ አይሆንም። ሰውነት የቀረችውን ጠራርጎ እየጋገረ ይቆያል። ሄሞግሎቢን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ "ሄሞግሎቢንሽ ደህና ነው" የተባለ ሰው አይረኑ አልቆ ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም አለ። ወባም፣ የቆየ ሕመምም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ሄሞግሎቢን ያወርዳሉ። ደም ያነሰው ሁሉ አይረን አነሰው ማለት አይደለም።

ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ምን ይዛችሁ፣ ምን ጠይቃችሁ እንደምትገቡ ነው የምነግራችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት፦ ግማሽ ገጽ ጻፉ

ወረፋው ረጅም ነው፤ ሐኪሙ ጋ የምትቀመጡት ግን ለደቂቃዎች ነው። "ደከመኝ" ብቻ ብላችሁ ብትወጡ አይፈረድባችሁም፤ እኔም እንደዚያ ነበር ያደረግሁት። አሁን ግን በስልኬ ጽፌ ነው የምገባው።

ድካሙ ስንት ወሩ ነው? ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ያጥራችኋል? ፀጉር ይረግፋል፣ ጥፍር ይሰባበራል? አፈር ወይም በረዶ መብላት ያምራችኋል? ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ያፍርበታል። አትፈሩ፤ አይረን ሲያልቅ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ነው፤ ሐኪሙም ያውቀዋል።

ሴቶች የወር አበባን በቁጥር ጻፉ። ስንት ቀን ይቆያል? በቀን ስንት ሞዴስ? በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ትቀይራላችሁ? ከሳንቲም የሚተልቅ የረጋ ደም አለው? ከ7 ቀን ያልፋል? የመዳብ ሉፕ (ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ) ካላችሁ እሱንም ጻፉ፤ ደሙን ሊያበዛ ይችላል። እኔ "እንደ ማንኛውም ሴት ነው" እል ነበር። ስቆጥረው 8 ቀን ሆነ። ለካ የእናቴም የእህቴም እንደዚያ ስለነበር ልክ መስሎኝ ነው።

የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ አስገቡ። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል በየቀኑ የምትወስዱ ከሆነ አሲዱ ስለሚቀንስ አይረን በደንብ አይገባም። በቅርብ ደም ለግሳችሁ እንደሆነ፣ ወልዳችሁ እንደሆነ፣ በሐይቁ ዳር ወይም በሩዝ ማሳ በባዶ እግር የምትውሉ እንደሆነ፣ ይህም ይጻፍ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ተቀምጣችሁም ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ወይም የአይረን ኪኒን ሳትወስዱ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

የት?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ሪፈር ወረቀት ሳትይዙ ዘላችሁ ሆስፒታል ከሄዳችሁ መድኑ ላይከፍል ይችላል። ከፍ ያለ ምርመራ ሲያስፈልግ ከተማችን ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። የግል ላብራቶሪም አይጠፋም።

ሲቢሲ የሚባለው ሙሉ የደም ቆጠራ ብዙ ቦታ ይሠራል። ችግሩ ፌሪቲን ነው። ከሲቢሲ ይወደዳል፣ ሁሉም ቦታ አይሠራም፣ የሚሠራበትም "ሪኤጀንት አልቋል" የሚባልበት ሳምንት አለ። በባጃጅ ከተማውን ከመዞራችሁ በፊት ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ፌሪቲን ዛሬ ትሠራላችሁ? እዚሁ ነው ወይስ ሌላ ቦታ ትልካላችሁ? ውጤቱ መቼ ይደርሳል? እኔ ሳልደውል ወጥቼ ግማሽ ቀን ካባከንኩ በኋላ ነው ይህን የተማርኩት።

ምን ይታዘዝ?

ሐኪሙን በትህትና "ፌሪቲንም ብናየው?" በሉት። ቅር የሚለው አይመስለኝም። ዋናዎቹ ሲቢሲና ፌሪቲን ናቸው። ከእነሱ ጋር ሲአርፒ ቢታዘዝ ጥሩ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን ያሳያል፤ ለምን እንደሚጠቅም ወረቀቱን ስናነብ ታያላችሁ። ትኩሳት ካለ የወባ ደም ምርመራ። በእኛ አካባቢ የሰገራ ምርመራ ደግሞ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ደም የሚያሳንስ የአንጀት ትል ካለ ያሳያል።

"ሴረም አይረን" ብቻውን ከታዘዘ ግን ገንዘባችሁን አትጣሉ። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው አይረን ከጠዋት እስከ ማታ ይለዋወጣል፤ ትናንት ኪኒን ከዋጣችሁም ከፍ ይላል። አይረንን በደም ውስጥ ከሚሸከመው ከትራንስፈሪን መጠን ጋር ሲሰላ ነው ትርጉም የሚሰጠው።

ቀኑን ምረጡ

ፌሪቲን አንድ ክፉ አመል አለው። ሰውነት ኢንፌክሽን ሲይዘው አይረን ባይኖርም ፌሪቲን ከፍ ይላል። ጎተራው ባዶ ሆኖ ሳለ በሩ ላይ "ሞልቷል" የሚል ወረቀት እንደ መለጠፍ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር በጣና ዙሪያ ወባ ሲበረታ፣ ወባ ተይዛችሁ ወይም ጉንፋን ጥሏችሁ ብትመረመሩ ቁጥሩ ሊያታልላችሁ ይችላል። አጣዳፊ ካልሆነ ታክማችሁ ጥቂት ሳምንት ቆዩ። ሄሞግሎቢኑ በጣም ከወረደ ግን አትቆዩ፤ ሐኪሙ ከሲአርፒ ጋር አገናዝቦ ያየዋል።

ለሲቢሲና ለፌሪቲን መጾም አያስፈልግም። ሴረም አይረን አብሮ ከታዘዘ ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀመስ ይሻላል። የአይረን ኪኒኑንም ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ አቁሙ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የምትወስዱ ለላብራቶሪው ተናገሩ፤ አንዳንድ ማሽኖችን ያሳስታል። ውኃ በደንብ ጠጡ። በባሕር ዳር ሙቀት ሳትጠጡ ከሄዳችሁ ደም ስራችሁ ይደበቃል፤ መርፌውም ሁለት ጊዜ ይሆናል።

እጅ ሲዘረጋ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደርሻለሁ። ልጁ ክንዴ ላይ ላስቲኩን አሰረና "እጅሽን ጨብጪ እህቴ" አለ። መርፌው ገባ። መጀመሪያ ቀይ ክዳን ያለው ቱቦ ሞላ፤ ቀጥሎ ወይን ጠጅ ክዳን ያለው። ወይን ጠጁን ቀስ እያለ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ገለበጠው። አልነቀነቀውም፤ ገለበጠው። ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር አለ፤ ከደሙ ጋር መዋሐድ አለበት። ቀዩ ግን እንዲረጋ ይተዋል፤ በኋላ ማሽን ላይ ሲሽከረከር ከላይ የሚቀረው ቢጫ ውኃ ነው ለፌሪቲን የሚያገለግለው።

ከዚያ በፊት በአንድ ቦታ "ደምሽ ረግቷል፣ ድገሚ" ተብዬ ተመልሼ አውቃለሁ። ያኔ ቱቦው ሳይገለበጥ ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ ነበር። አሁን ዓይኔን አልነቅልም። ስሜና ቁጥሬ ቱቦው ላይ እኔ እያለሁ ሲለጠፍም አያለሁ። ማፈር የለም።

በጣት ደም የሚለካ ከሆነ የመጀመሪያዋ ጠብታ በጥጥ ትጠረግ። ጣቱ አይጨመቅ። ሲጨመቅ የሥጋ ውኃ ከደሙ ጋር ይቀላቀልና ሄሞግሎቢን ያለ አግባብ ዝቅ ብሎ ይነበባል። እጃችሁ ከቀዘቀዘ አስቀድማችሁ አሹት።

የሰገራ ናሙናን ከቤት በማግስቱ ማምጣት ይቅር። የመንጠቆ ትል እንቁላል ናሙናው ሲቆይ ለማየት ያስቸግራል። እዚያው ሰጥቶ ወዲያው ማስመርመር ነው። አንድ ጊዜ "የለም" መባሉም መጨረሻ አይደለም፤ እንቁላሉ በየቀኑ በእኩል ስለማይወጣ ሐኪሙ ሊያስደግማችሁ ይችላል።

ወረቀቱን ማንበብ

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚሸወድበት እዚህ ነው። የእኔን ላንብብላችሁ፦ ሄሞግሎቢን 12.6፣ ኤምሲቪ 78፣ ፌሪቲን 9።

ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ስንት ግራም እንደሆነ ነው የሚጻፈው። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስ የሚለው ለሴት ከ12 በታች፣ ለወንድ ከ13 በታች ነው። ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች፤ በመካከለኛዎቹ ሦስት ወራት ግን 10.5። በዚህ ሚዛን የእኔ 12.6 "ደህና" ነው። ወረቀቱም ላይ ከልክ መውጣቱን የሚያሳይ ኮከብ አልነበረበትም።

ግን ይህ ወሰን ለባሕር ወለል የተሰፋ ልብስ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል፤ ስለዚህ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ወሰኑም ከፍ ማለት አለበት። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር ለሚኖር ሰው የሚጨመረው ወደ 1 ግራም ነው። በዚህ ሲታይ የእኔ 12.6 ከወሰኑ በታች ወደቀ።

ቆይ፣ ገና አልጨረስንም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የታወቀ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን ደም አይቶ ነበር። ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ብዙም አልበለጠም። የእኛ ሰው ከፍታን የለመደበት መንገድ ሄሞግሎቢናቸው ከሚጨምረው ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች የተለየ ነው ማለት ነው። ታዲያ ለእኔ ምን ያህል ይጨመር? ቁጥሩ ወሰኑ አካባቢ ሲሆን በሄሞግሎቢን ብቻ መፍረድ ከባድ ነው። ጎተራውን ማየት የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው።

ኤምሲቪ የቀይ የደም ሕዋስ መጠን ነው። ልኩ ከ80 እስከ 100 ነው። አይረን ሲያጥር ሕዋሱ ይቀጭጫል፤ ሊጥ ሲያንስ እንጀራው እንደሚያንሰው። አርዲደብሊዩ የሚባለው ደግሞ በትልቁና በትንሹ ሕዋስ መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያል፤ አይረን እያለቀ ሲሄድ ከፍ ይላል። ሁለቱም ሲቢሲው ላይ አሉ፤ ተጨማሪ አያስከፍሉም፤ ግን ማንም አይነግራችሁም። ጠይቁ።

ፌሪቲን በናኖግራም በሚሊሊትር ወይም በማይክሮግራም በሊትር ይጻፋል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ አትደናገሩ። ጤነኛ አዋቂ ላይ ከ15 በታች ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወሰኑ 12 ነው። ብዙ ሐኪሞች ከ30 በታችም ሲያዩ ምልክት ካለ ያክማሉ። ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ካለ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ወሰኑን ለአዋቂ እስከ 70 ከፍ ያደርገዋል። ሲአርፒው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሲአርፒው ከፍ ብሎ ፌሪቲን 45 ቢሆን "ሞልቷል" ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፌሪቲን ዝቅ ካለ ዝቅ ብሏል፤ ያለ አይረን እጥረት ፌሪቲን እንዲህ አይወርድም ለማለት ይቻላል። የሚዋሸው ከፍ ሲል ነው። የእኔ 9 ክርክር አልነበረበትም።

ጎተራውን ምን ቀደደው?

ኪኒን ጀምሮ ዝም ማለት የተቀደደ ጎተራ ላይ እህል መድፋት ነው። ሦስት ዙር የደፋሁት እኔ ነኝ።

የእኔ ቀዳዳ የ8 ቀኑ ደም ነበር። ሌላም ነበረኝ፦ ኪኒኑን ውጬ ወዲያው ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናም ሻይም አይረን እንዳይገባ ይይዙታል። ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ማራቅ ነው።

የእናቴ ታሪክ ሌላ ነው። ፎገራ ላይ ሩዝ ማሳ ውስጥ በባዶ እግሯ ነው የምትውል። "እምዬ፣ ደክሞሽ የለ?" ስላት "እርጅና ነው ልጄ" ትላለች። ስንመረምራት ሄሞግሎቢኗ 8.9፣ ሰገራዋ ላይ የመንጠቆ ትል። ይህ ትል በእግር ቆዳ ገብቶ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይጠጣል። በጣና ዳርና በደሴቶቹ ቢልሃርዝያም አለ፤ እሱም አንጀት እያደማ ደም ያሳንሳል። ለትሉ አልቤንዳዞል ተሰጣት። ሐኪሙ ግን በዚያ አላቆመም። የወር አበባ ካቆመች ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ያለች ሴት ወይም ማንኛውም ወንድ አይረን ሲያልቅበት ደሙ በጨጓራ ወይም በአንጀት እየፈሰሰ እንዳይሆን ይታያል። ወደ ኢንዶስኮፒ፣ በጉሮሮ ካሜራ አስገብቶ ጨጓራን ወደሚያየው ምርመራ፣ ላካት። ወንዶች፣ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ምግብ ላይ አጭር ልበል። ቀይ ሥር ቀይ ስለሆነ ደም አይተካም፤ ቀለሙ የራሱ ነው፤ አይረኑ ትንሽ ነው። ጤፍ አይረን አለው፤ ግን በወረቀት ላይ ከሚታየው ቁጥር ከፊሉ ከአውድማ የመጣ አፈር ነው፤ እሱ ደግሞ ለሰውነት ብዙ አይጠቅምም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ አይረኑ ይበልጥ ይገባል፤ እርሾው ሥራ አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ በማይኖርበት ጊዜ ምስሩና ሽሮው ላይ ሎሚ ጭመቁ፣ ጥሬ ቃሪያ አቅርቡ። ቫይታሚን ሲ የእህልና የአትክልትን አይረን ያስገባል። ግን ፌሪቲን 9 የሆነ ሰው በምግብ ብቻ ቶሎ አይሞላም።

ኪኒኑና ድጋሚ ምርመራው

መጠኑን ሐኪም ይወስናል። በቀን አንድ ጊዜ ወይም በቀን ልዩነት መውሰድ ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ሁለት ሦስት መዋጥ ሆድ ያደርቃል እንጂ ብዙም አይጨምርም። በባዶ ሆድ፣ በሎሚ ውኃ። ሆድ ካሳመመ ከትንሽ ምግብ ጋር። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ኪኒኑ ነው። ነፍሰ ጡሮች በጤና ጣቢያ የሚሰጣችሁን አይረንና ፎሊክ አሲድ "ይከብደኛል" ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ከብዷችሁ እንደሆነ ለአዋላጇ ንገሯት። ኪኒኑ ቀይና የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ሕፃን ከረሜላ ይመስለዋል። ጥቂቱም ሕፃንን ክፉኛ ይመርዛል፤ ከፍ ያለ ቦታ ቆልፉበት።

በ4ኛው ሳምንት ሲቢሲ ይደገም። ይፈስ የነበረው ደም ከቆመና ኪኒኑ እየገባ ከሆነ ያነሰ ሄሞግሎቢን ከ1 እስከ 2 ግራም ያህል መጨመር አለበት። ምንም ካልጨመረ መጠን ከመጨመር በፊት ምክንያቱ ይፈለግ፦ ቡናው፣ ኦሜፕራዞሉ፣ የጨጓራ ባክቴሪያው፣ ያልቆመው ደም። ሄሞግሎቢን ልክ ሲሆን ኪኒኑ አይቆምም። እኔን ሦስት ጊዜ የመለሰኝ ይኸው ነው፤ መሶቡ ሲሞላ ተውኩት። ጎተራው እስኪሞላ ብዙውን ጊዜ 3 ወር ገደማ ይቀጥላል። ከዚያ ፌሪቲን ይደገማል። በተቻለ መጠን እዚያው ላብራቶሪ፤ የማሽኑ ዓይነት ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል።

ውጤቶቹን በአንድ ክላሰር አስቀምጡ። ከጀርባው ቀኑን፣ ያኔ ወባ ወይም ጉንፋን እንደነበረባችሁ፣ ስንተኛ ወር ኪኒን ላይ እንደነበራችሁ ጻፉ። የእኔ የ3ኛው ወር ፌሪቲን 41 ነው። ጀርባው ላይ "ጉንፋን የለም፣ ቡና ከኪኒን 2 ሰዓት ርቆ" ይላል። የእምዬ ሄሞግሎቢን 11.4 ደርሷል። ጫማም ገዝቼላታለሁ። ማሳ ገብታ አውልቃ ግንዱ ሥር ታስቀምጠዋለች፤ እሱ ላይ ገና አልተስማማንም።